ባደረበት ድንገተኛ ሕመም

አይናዲስ በዳላስና በአካባቢው ለሞቱ ሠላሳ አንድ ኢትዮጵያውያን የሕይወት ታሪክ ጽፋለች። ከቀብር በፊት ሬሳው ፊት የሚነበበውን ማለት ነው፤ መቼ ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ስንት ልጅ ወለደ፣ በምን ሞተ። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ዘጠኙ የሞቱት "ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም" ነው። ሁለቱን የገደላቸው የመኪና አደጋ ስለ ነበረና ቴሌቪዥን ስላሳየው ጽሑፉን የሚያጸድቁት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ምንም ሊያደርጉላቸው አልቻሉም። የቀረው ሁሉ ድንገተኛ ነው። ሃያ ዓመት በዊስኪ የተዘፈዘፈ ጉበት ድንገተኛ ነው። ስድስት ዓመት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከማሽን ጋር ሲታሰር የኖረ ኩላሊትም ድንገተኛ ነው። አንድ የውጭ ሰው የአይናዲስን ፋይል ከፍቶ ቢያነብ፣ ይህ ሕዝብ በሙሉ ጤና ኖሮ ኖሮ አንድ ቀን ከቁርስ በኋላ ዱብ የሚል ልዩ ፍጥረት ነው ብሎ ይደመድም ነበር።

ሠላሳ ሁለተኛው የእህቷ ልጅ ሆነ።

የአይናዲስን የራሷን የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ እንዲህ ብሎ መጀመር ይኖርበታል። እንደ ፈረንጆቹ በ1980 መንግሥት ለትምህርት ወደ ሀንጋሪ ሲልካት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አብረዋት የሄዱት ሐኪምና መሐንዲስ እንዲሆኑ ተመደቡ፤ ለእሷ የመዝገብ አያያዝ ደረሳት። ቡዳፔስት ስድስት ዓመት ተቀመጠች፤ ከሀንጋሪዎች በቀር በምድር ላይ ማንም የማይፈልገውን ቋንቋ አጥርታ ተማረች። ዳላስ ስትደርስ ያ ሁሉ ትምህርት የሆስፒታል ካርድ በፊደል ተራ ለመደርደር በቃት። ስምንት ዓመት ደረደረች። አንድም ካርድ ጠፍቶባት አያውቅም፤ ይህንንም ያስተዋለላት የለም።

በ1995 አንድ የምርምር ቢሮ ከሀንጋሪ ትምህርት ቤቶች የተላከ ብዙ ካርቶን መጠይቅ ተቀበለ። የዐሥራ አምስትና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ስለ መጠጥና ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሞሉት ነው። ቢሮው ወረቀቱን ካስመጣ በኋላ የሚያነበው ሰው እንደሌለው ትዝ አለው። በመላው ሰሜን ቴክሳስ ሀንጋሪኛ አንብቦ፣ መልሱን ወደ ቁጥር ቀይሮ፣ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባ ሰው ተፈልጎ ተፈልጎ የተገኘችው የደሴዋ ልጅ አይናዲስ ሆነች። ነገሩ ለምን እንደሚያስቅ ከእሷ በቀር የገባው አልነበረም።

ሥራውን ወደደችው። ልጆቹ ሰክረህ ታውቃለህ ሲባሉ ሰክሬያለሁ ይላሉ፤ ስንት ጊዜ ሲባሉ ይቆጥራሉ። መጠጥ ከኪኒን ጋር ቀላቅለሽ ታውቂያለሽ ለሚለው፣ አንዲት የሚሽኮልትስ ከተማ ልጅ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ "የእናቴ የእንቅልፍ ኪኒን ነው፤ እሷ እንዳትሰማ" ብላ ጽፋለች። አንዱ ደግሞ አያቱ ጓሮ ውስጥ ከፕለም የሚያወጣው አረቄ ይቆጠር እንደሆነ፣ ወይስ የሱቁ ብቻ እንደሆነ ጠይቋል። አይናዲስ ይቆጠራል ብላ ቁጥሩን ሰጠችው። መጠይቁ ውስጥ በዓለም ላይ የሌለ አንድ የዕፅ ስም ሆን ተብሎ ገብቶበታል፤ ያን ወስጃለሁ ያለ ልጅ ጉረኛ ነውና ወረቀቱ ይጣላል። የተፋቀ ምልክት ያለበት ወረቀት ደግሞ "አይታወቅም" ተብሎ ዘጠኝ ይጻፍበታል እንጂ ማንም ዜሮ ነው ብሎ አያልፈውም። ይህን ደንብ ለሁለት አዲስ ሠራተኞች ያስተማረችው እሷ ናት።

በሚቀጥለው ዓመት ወሬው በአማርኛ የምታመልክበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። እህት አይናዲስ ለሀንጋሪ ልጆች ይህን ያህል ከደከመች ለእኛ ልጆች ብትደክም ምን አለበት ተባለ። መጠይቁን አሳጥራ በእንግሊዝኛ አዘጋጀችው። ስም አይጻፍበት፣ በፖስታ ይታሸግ፣ ወላጅ እንዳይነካው ብላ ሦስቴ አሳሰበች። ሽማግሌዎቹ ሦስቴም ተስማሙ። ከዚያ ወረቀቱን እንዲሰበስቡ ዋናውን ሽማግሌ ጋሽ አባተን መረጡ፤ እሳቸውም የወላጆች ሁሉ ወላጅ ነበሩ። ጋሽ አባተ ፖስታውን ረሱት። ሠላሳ ስምንቱን ወረቀት አንድ በአንድ አይተው፣ ደርድረው፣ በላስቲክ አስረው አመጡላት።

ሠላሳ ስምንት ልጅ፣ ሠላሳ ስምንት ዜሮ። ቢራ ዜሮ፣ ሲጋራ ዜሮ፣ ሌላው ሁሉ ዜሮ። በመነኮሳት በሚመራ የሀንጋሪ ትምህርት ቤት እንኳን እንዲህ ያለ ቅድስና አይታ አታውቅም። አንደኛው ወረቀት ላይ፣ ሁለተኛው ገጽ፣ ራይት የነበረበት ቦታ በላጲስ ተፍቋል። ወረቀቱ ሳስቷል፤ እርሳሱ የተጫነበት በጀርባው በኩል በጣት ይዳሰሳል። አይናዲስ ዳሰሰችው። ከዚያ ዜሮ ጻፈች።

ለምን ብትባል ደክሟት ነበር ትላለች። እውነቱ ግን ምስጋናው አስቀድሞ ታይቷት ነበር። እሁድ ውጤቱ ሲነበብ ጉባኤው ሃሌ ሉያ ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። ስምንት ዓመት ካርድ ሳይጠፋባት ስትደረድር ማንም አልተነሣላትም። የግድግዳ ሰዓት ሸለሟት። ውጤቱን ጋሽ አባተ በፍሬም አድርገው ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ውስጥ ሰቀሉት።

የእህቷ ልጅ አሌክስ ይባላል። ታናሽ እህቷ ሰብለወርቅና ባሏ ኃይለ መስቀል ከዳላስ በስተ ሰሜን ማኪኒ ከተማ ውስጥ አዲስ ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ ይኖራሉ፤ የግቢው ሣር ገና ሥር አልያዘም። በጥቅምት 1997 አንድ እሁድ ጠዋት ለቸርች ሲቀሰቅሱት አሌክስ አልነቃም። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ፖሊሱ ከአልጋው ሥር ያገኛትን ካፕሱል ለኃይለ መስቀል አሳይቶ፣ ሄሮይን እንደሆነ ነገረው። ኃይለ መስቀል ለሚስቱ ነገራት፣ ሚስቱ ለእህቷ፤ ከዚያ ወዲያ በሩ ተዘጋ። ማክሰኞ ሲደርስ፣ አሌክስ ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ ደካማ እንደ ነበር የማያውቅ ሰው ከዋይሊ ከተማ እስከ ዳላስ አልተገኘም።

በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ፣ የአሌክስ እህት ሐዳሳ አክስቷን ይዛ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አሌክስ ጋራዥ ውስጥ ብቻውን እንዳልነበረ፣ አራት እንደ ነበሩ፣ ሦስቱ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እሱ እንቅልፌ መጣ ብሎ እንደ ተኛ ነገረቻት። የሦስቱንም ስም ነገረቻት። ሁሉም የቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። አንዱ ዮናስ ነው፤ የጋሽ አባተ ልጅ፣ ለወጣት መዘምራኑ ኪቦርድ የሚመታው።

"አሁንስ?" አለች አይናዲስ።

"አሁንም አላቸው። ማለቴ፣ አልጣሉትም።" ሐዳሳ በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገች። "አሌክስ ልቡ ነው ብለው ቢሊቭ አድርገዋል፣ አንቲ። ሁሉም አዋቂ እንደዚያ ነው የሚለው። ሶ፣ ዕቃው ጥሩ ነው፣ የእሱ ልብ ነው ችግሩ ይላሉ።"

ሽማግሌዎቹ ለሟች ክብር ብለው የፈጠሩት የልብ ሕመም ለሦስት ሕያዋን የጤና ምስክር ወረቀት ሆኖ አረፈው። ከዚያ አይናዲስ አንድ የሞኝ ጥያቄ ጠየቀች፤ ለመሆኑ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ከመግባት እንደ ሰው ልጅ ቢራ ቢጠጡ ምን ነበረበት አለች።

"ቢራ ይሸታል" አለች ሐዳሳ። "ማሚ በር ላይ ትስመን የለ? ያ አይሸትም።"

እውነቷን ነው። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ልጁን ከውጭ ሲገባ በር ላይ የማትስም እናት የለችም። ሰብለወርቅ አሌክስን ቅዳሜ ቅዳሜ ግራና ቀኝ አገላብጣ ትስመው ነበር፤ አንዱ ጉንጭ ለፍቅር፣ ሌላው ለምርመራ። ትንፋሹን ስባ ንጹሕ መሆኑን ስታረጋግጥ ጌታን ታመሰግናለች። ሌሎቹ እናቶችም እንዲሁ። ልጆቹ አልኮል እንዳይነኩ ይህን ያህል ተደክሞ ነበር፤ ድካሙም ፍሬ አፍርቶ አንዳቸውም አልኮል አልነኩም።

ረቡዕ አይናዲስ ከሥራ አስፈቅዳ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ሄደችና ለጋሽ አባተ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። በመሀል አላቋረጧትም። ስትጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"ዮናስ እኮ ኪቦርድ ነው የሚመታው፣ እህቴ።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ። አሌክስም ጊታር ይመታ ነበር።"

ጋሽ አባተ ወደ ግድግዳው አመለከቱ። "ይኸው አንቺው የፈረምሽበት። ሠላሳ ስምንት ዜሮ። ወይስ ያኔ የጻፍሽልን ውሸት ነው?"

መልሱ አዎ የሚል ስለ ነበር ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ወደ መኪናዋ ስትመለስ አንድ ነገር ብቻ ነበር በጭንቅላቷ የሚዞረው፤ ያ የተፋቀው ወረቀት የአሌክስ ነው። ልጁ አንድ ጊዜ እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ እሷ በጣቷ ዳስሳ፣ ዜሮ ጽፋ አለፈችው። ለሌሎቹ ሁለት ልጆች ወላጆች ደግሞ ብትደውልላቸው አንዷ ስልኩን ዘጋችባት፤ ሌላው ሐዘን ላይ ስለሆነች አልተቀየማትም፣ እንዲያውም ሊጸልይላት ቃል ገባ።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ የሕይወት ታሪኩን ሊመረምሩ መጡ። ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ። አሌክስ "ትጉህ" ይባል ወይስ "ታታሪ" በሚለው ላይ አርባ ደቂቃ ተከራከሩ። ካርቱም መወለዱ የስደት ነገር ያስታውሳል ተብሎ "በሱዳን አገር" ተባለ። ከመዘምራኑ ከወጣ ዓመት ቢያልፈውም "እስከ ዕለተ ሞቱ በዝማሬ ያገለገለ" ሆነ። አይናዲስ ሦስት ልጆች ጉዳይ ላይ ናቸው፣ አሟሟቱ በግልጽ ይጻፍ ብላ ሁለት ጊዜ ለመነች። ሁለቱንም ጊዜ ጋሽ አባተ የሟችን አባት ጠየቁት፤ ኃይለ መስቀል ሁለቱንም ጊዜ ምንጣፉን እያየ፣ እናንተ እንዳላችሁ አለ። ስለዚህ ሠላሳ ሁለተኛውም ባደረበት ድንገተኛ ሕመም ወደ ጌታው ተሰበሰበ። እያንዳንዱ ቃል ተነበበ፣ ነጠላ ሰረዞቹ ሳይቀሩ ታዩ።

ሲነሡ አይናዲስ አንድ ነገር አስታወሰቻቸው። በእነሱ ዘንድ የሕይወት ታሪክ ሁለቴ ነው የሚነበበው፤ በአማርኛ ለትልልቆቹ፣ ከዚያ እዚህ አገር ላደጉት በእንግሊዝኛ።

"እንግሊዝኛውስ?" አለች።

"እሱ ለልጆቹ ነው" አሉ ጋሽ አባተ ኮታቸውን እየለበሱ። "አጠር አድርጊው።"

አጠር አደረገችው።

አርብ ጠዋት ለሰብለወርቅ አሳየቻት። ያለ እናቱ ፈቃድ አይነበብም ብላ ወስናለች፤ ሰነድ ባለቤት አለው። ሰብለወርቅ ከቀናት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። ወረቀቱን አነበበችው፤ መልሳ አነበበችው።

"ሦስቱም እኔ ቤት ራት በልተዋል" አለች። "ሲገቡ እነሱንም እስማቸው ነበር።" ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት። "አማርኛው ለአባቱ ይሁን። ይሄን ሐዳሳ ታንብበው።"

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆመ። ጋሽ አባተ አማርኛውን ራሳቸው አነበቡት፤ ድምፃቸው ያምራል። ሰው አለቀሰ፣ ትጉህ የሚለው ጋ ደግሞ በተለይ አለቀሰ። ከዚያ ሐዳሳ ወጣችና ማይኩን ዝቅ አደረገችው። በእንግሊዝኛ ያነበበችው ይህን ነበር፤ ወንድሜ የሞተው በልብ ሕመም አይደለም፣ ልቡ ጤነኛ ነበር። የሞተው ቅዳሜ ከሰዓት በወሰደው ሄሮይን ነው። አብረውት ሦስት ልጆች ነበሩ፤ ሦስቱም አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ናቸው። ከዚያው ነገር ገና እጃቸው ላይ አለ። ዕቃው ጥሩ ነው እያሉ ነው። አይደለም። እዩት።

እዩት ስትል ሣጥኑን በእጇ አመለከተች። ከዚያ ሄዳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

አዳራሹ ውስጥ ያለ አዋቂ ሁሉ ይህን እንግሊዝኛ ያውቃል። ሥራ ቦታ ሙሉ ቀን ሲናገረው ይውላል። ሽማግሌዎቹ ቀድመው ሊያነቡት ይገባ እንደ ነበር ትዝ ያላቸው ግን አሁን ነው። ያልገባቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ከፊት የተቀመጡት አሮጊቷ እማማ ወለተጊዮርጊስ። "ምን አለች? ምን አለች ልጅቷ?" እያሉ ግራና ቀኝ ቢጠይቁም የሚተረጉምላቸው አልተገኘም።

ቀጥሎ መዝሙር ነበር። ዮናስ ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ናቸው፤ ይታያሉ፤ አልተንቀሳቀሱም። በመጨረሻ አንዲት ሴት ከኋላ ጀመረችና መዝሙሩ ያለ ኪቦርድ ተዘመረ። ጋሽ አባተ አልዘመሩም። ልጃቸውን እያዩ ነበር።

ከቀብር በኋላ አይናዲስን ያናገራት ሰው የለም። ሳህን ሲቀባበሉ በእሷ በኩል አያልፍም። የቤተሰቡን ገመና በአደባባይ አወጣች ተባለ፤ ይህ የተባለው እርግጥ በአደባባይ ነው። ኃይለ መስቀል ፊቱን አዞረባት። ሰኞ ወደ ሀንጋሪዎቿ ተመለሰች።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ የአፓርታማዋ በር ተንኳኳ። ጋሽ አባተ ናቸው። ግቡ ስትላቸው ገቡ፤ ተቀመጡ ስትላቸው አልተቀመጡም። የሸለሟት ሰዓት ፊት ለፊታቸው ግድግዳው ላይ ይቆጥራል።

"አንድ ሰው" አሉ፣ "ልጁን ሊያሳክም ቢፈልግ፣ ከዚህ ነገር ማለቴ ነው፣ የት ነው የሚወስደው? አንቺ በሥራሽ ታውቂያለሽ ብዬ ነው።"

"የዚህ ሰው ልጅ ስንት ዓመቱ ነው፣ ጋሼ?"

"ዐሥራ ሰባት።" ወደ መስኮቱ አመለከቱ። "መኪና ውስጥ ነው።"

በመስኮቱ አየች። ዮናስ በቆመ መኪና ውስጥ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል። አይናዲስ ስልኩን አነሣች፤ ቀደም ሲል ለይታ ወደ ያዘችው የሱስ ማገገሚያ ደወለች፤ ለዚያው ዕለት ቦታ አገኘች፤ አድራሻውንና መንገዱን በወረቀት ጻፈችላቸው። ወረቀቱን ከመስጠቷ በፊት ግን ሙያዋ አላስቻላትም።

"ያን ወረቀት የፋቀው ማነው?"

ጋሽ አባተ የትኛውን ብለው አልጠየቁም። "እኔ ነኝ" አሉ።

"ስም የለበትም እኮ። የማን እንደሆነ በምን አወቁ?"

"ልጄ አይደለም እንዴ? ራይት ሲያደርግ ጭራውን ያስረዝመዋል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሆምዎርኩን የማየው እኔ ነኝ።"

ስለዚህ የአሌክስ አልነበረም። አይናዲስ ይህን ለመስማት አልተዘጋጀችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ልጁ አንድ ጊዜ ነግሮኝ ነበር፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ እያለች ራሷን ስትቀጣ፣ በዚያው ቅጣት ውስጥ ትንሽ ማረፊያ አግኝታ ኖሯል፤ ቢያንስ ነግሯት ነበር። አልነገራትም። አሌክስ እንደ ሠላሳ ስድስቱ ሁሉ ዜሮ ሞልቶ፣ ወረቀቱን አስረክቦ፣ ወደ ቤቱ ሄዷል። የተናገረው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለቴ ተፋቀ፤ አንዴ በአባቱ ላጲስ፣ አንዴ በእሷ ዜሮ።

ወረቀቱን ሰጠቻቸው። ጋሽ አባተ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። "ለሰው ሲያትል አጎቱ ጋ ሄደ ብለናል" አሉ። "አንቺም ከተጠየቅሽ እንደዚያው ብትዪ። የሚጻፍም ነገር ካለ..."

"እኔ የምጽፈው ለሞተ ሰው ነው፣ ጋሼ" አለች። "ዮናስን ይዘው ይሂዱ። ምንም አልጽፍለትም።"

ጋሽ አባተ ወረቀቱን ኪሳቸው ከተው ደረጃውን ወረዱ።

መኪናው ከግቢው ሲወጣ ካየች በኋላ፣ የሠላሳ ስምንቱን ወረቀት ካርቶን ከቁም ሣጥኑ አውርዳ ላስቲኩን ፈታችና የተፋቀውን ወረቀት አወጣች። ጀርባውን ዳሰሰችው፤ ጭራው በእርግጥም ረዥም ነው። ዜሮዋን በአንድ መስመር ሰረዘች። ደንቡ ዘጠኝ ይላል፤ ምስክር ግን ተገኝቷል። አንድ ጻፈች፤ ቀኑንና ስሟን አኖረችበት።

ከዚያ የቀሩትን የሁለቱን ልጆች ወላጆች ስልክ ቁጥር አውጥታ እንደ ገና መደወል ጀመረች።